መሥሪያ ቤት የሚዘጋባቸው ቀናት፦ የሕዝብ በዓላት ሥርዓት ታሪክ በኢትዮጵያ

የሕዝብ በዓል በሕግ ተለይቶ የታወጀ ቀን ነው። በዚያ ቀን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘግተው ይውላሉ፤ ሠራተኛውም ደመወዙ ሳይጎድልበት ያርፋል። በኢትዮጵያ የሚከበሩት በዓላት እጅግ ብዙ ቢሆኑም ሥራ የሚያስፈቱት በአዋጅ የተዘረዘሩት ብቻ ናቸው። ዝርዝሩ ባለፉት ሰባ ዓመታት ደጋግሞ ተለውጧል፤ በተለወጠ ቁጥርም ለውጡ ከመንግሥት መለወጥ ጋር ተያይዞ የመጣ ነው። ስለዚህ የበዓላት ሕግ ታሪክ የዕረፍት ቀናት ታሪክ ብቻ አይደለም። መንግሥት በየዘመኑ የማንን እምነት እንዳከበረ፣ የትኛውን ድል እንዳስታወሰ፣ የትኛውንስ ቀን ከመዝገቡ እንደፋቀ የሚያሳይ ታሪክ ነው።

ከአዋጅ በፊት

የደመወዝ መዝገብና የመግቢያ ሰዓት ከመታወቃቸው ብዙ ዘመን አስቀድሞ፣ በክርስቲያኑ አገር ሥራ የሚፈታበትን ቀን የምትወስነው ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ዘጠኙ ዐበይትና ዘጠኙ ንኡሳን የጌታ በዓላት፣ የእመቤታችን በዓላት፣ በየወሩ የሚዞሩት የመላእክትና የቅዱሳን ቀናት የገበሬውን ወር ይከፋፍሉት ነበር። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ ይከበራሉ። በእነዚህ ቀናት ማረስ፣ ማጨድና መውቃት፣ በሴቶች በኩልም መፍጨትና መፈተል ነውር ነው። ከብት ማገድ፣ ውኃ መቅዳት፣ እንግዳ ማስተናገድ ግን አይከለከልም። የአከባበሩ ጥብቅነት እንደየደብሩ ይለያያል፤ የአጥቢያው ታቦት የሚነግሥበት ቀን ከሁሉ የከበረ ሲሆን፣ በአንዱ ደብር በጥብቅ የሚከበረው ቀን በሌላው ላላ ብሎ ሊታለፍ ይችላል።

ይህን ሥርዓት የሚያስከብረው ዳኛ ወይም ፖሊስ አልነበረም። በዓል ሽሮ ያረሰ ሰው በአገሩ ላይ በረዶ ወይም ድርቅ ያመጣል ተብሎ ስለሚታመን ጥፋቱ የግል ሆኖ አይታይም። ሽማግሌዎችና ካህናት ይገሥጹታል፤ ከባሰም መንደሩ ይቀጣዋል። የበዓል ሕግ በገጠሩ ዘንድ ከላይ የወረደ ትእዛዝ ሳይሆን ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠብቅበት ደንብ ነበር።

የሳምንቱ ዕረፍትም የራሱ ታሪክ አለው። በ14ኛው መቶ ዓመት አባ ኤዎስጣቴዎስና ተከታዮቻቸው ከእሑድ ጋር ቅዳሜም እንዲከበር አጥብቀው ያስተምሩ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ከቤተ ክህነቱና ከቤተ መንግሥቱ ጋር ለረጅም ጊዜ ተጋጩ። ክርክሩ የተቋጨው ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. በነገሠው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። 33ቱ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ ያዘዘውም ይኸው ንጉሥ እንደሆነ ይነገራል። የንጉሥ ቃል የዕረፍት ቀንን ሲወስን ከታዩት ጥንታውያን ምሳሌዎች አንዱ ይህ ነው።

ከግብፅ ቤተ ክርስቲያን ተወስዶ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም ስለ ሰንበትና ስለ በዓላት ይደነግጋል። በሐዋርያት ስም ከሚጠሩት ሥርዓቶች በወሰደው ቃል፣ አገልጋዮች አምስት ቀን ሠርተው በቅዳሜና በእሑድ ለጸሎትና ለትምህርት እንዲያርፉ፣ በሰሙነ ሕማማትና በተከታዩ ሳምንትም ሥራ እንዲፈቱ ያዛል። የቤት አገልጋይም ሆነ የሰው ተገዥ ዕረፍት የሚገባው መሆኑ በአገሪቱ የሕግ መጽሐፍ የተጻፈው የሠራተኛ ሕግ ከመታወቁ ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ ነው።

በሐረር፣ በወሎ፣ በጅማ፣ በይፋትና በሌሎችም የሙስሊም አካባቢዎች ኑሮው በሌላ አቆጣጠር ይመራ ነበር። ዓርብ የጁምዓ ሶላት ቀን ነው፤ ሙሉ ቀን ሥራ የሚፈታበት ሳይሆን ሶላቱ ሲያበቃ ሰው ወደ ጉዳዩ የሚመለስበት ነው። ዒድ አልፈጥር የረመዳንን ጾም፣ ዒድ አልአድሃ ወይም አረፋ የሐጅን ወቅት ተከትለው ይመጣሉ፤ መውሊድም የነቢዩ ልደት የሚታሰብበት ነው። በወሎና በሐረር እነዚህ በዓላት ለዘመናት በድምቀት ሲከበሩ ቢኖሩም፣ በመንግሥት መዝገብ ላይ ሳይሰፍሩ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ዘለቁ።

የመሥሪያ ቤት መወለድ

የመንግሥት ሠራተኛ የሚባለው ሰው በኢትዮጵያ የታወቀው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። የፖስታ አገልግሎት በ1886 ዓ.ም. ተቋቋመ። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ፤ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የጦር ሚኒስትር፣ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ።

እነዚህ ተቋማት አዲስ ዓይነት የሥራ ቀን ይዘው መጡ። ገበሬ በዝናቡና በበዓሉ ይመራል፤ ፖስታ፣ ባንክና ባቡር ግን በሰዓት ነው የሚሠሩት። በየወሩ የሚዞሩት የቅዱሳን ቀናት ሁሉ ይከበሩ ቢባል ደብዳቤው አይደርስም፣ ሒሳቡም አይዘጋም። በሌላ በኩል ሠራተኛው ራሱ በዓል አክባሪ ነው፤ መሪዎቹም እንደዚያው። ስለዚህ ከበዓላቱ የትኞቹ መሥሪያ ቤት እንደሚያዘጉ መለየት ግድ ሆነ። ለጊዜው ይህን የሚወስነው ልማድና የበላይ ቃል እንጂ የተጻፈ ዝርዝር አልነበረም።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ መንግሥት እንደገና ሲደራጅ ነገሩ መልክ ያዘ። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ አዋጅ በነጋሪት ተጎስሞ ብቻ ሳይሆን ታትሞ የሚወጣ ሆነ። በ1935 ዓ.ም. በትእዛዝ ቁጥር 1 የሚኒስትሮች ሥልጣንና ተግባር ተወሰነ። የሚኒስቴሮቹ ቁጥር እየጨመረ፣ የጸሐፊውና የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ብዛት እያደገ ሲሄድ፣ ለሁሉም እኩል የሚሠራ የሥራና የዕረፍት ሕግ አስፈላጊነቱ ጎልቶ ታየ።

የ1948ቱ አዋጅና የንጉሠ ነገሥቱ ቀናት

የሕዝብ በዓላትንና የእሑድን አከባበር የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 151 የወጣው በ1948 ዓ.ም. ነው። ዓመቱ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ 25ኛ ዓመት የተከበረበት፣ የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም የታወጀበት ነበር። ሕገ መንግሥቱ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን መሆኗን ይደነግጋል። የበዓላቱ ዝርዝርም ይህንኑ ያንጸባርቃል።

በዘመኑ ሥራ የሚያስፈቱት በዓላት ሦስት ወገን ነበሩ። የመጀመሪያው ወገን የቤተ ክርስቲያን በዓላት ናቸው፤ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ስቅለትና ፋሲካ። ሁለተኛው የአገር መታሰቢያዎች ናቸው። የካቲት 23 በ1888 ዓ.ም. በአድዋ የተገኘው ድል፣ የካቲት 12 ደግሞ በ1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጨፈጨፉት ሰማዕታት ይታሰቡበታል። ሚያዝያ 27 ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ወደ መናገሻ ከተማቸው የተመለሱበት ቀን ነው፤ ጠላት አዲስ አበባ የገባውም በዚያው ቀን በ1928 ዓ.ም. ስለነበር፣ የመመለሻው ዕለት የአምስቱን ዓመት መከራ ድፍን አድርጎ የዘጋ ነበር። ሦስተኛው ወገን በንጉሠ ነገሥቱ ሕይወት ዙሪያ የቆመ ነው፤ ጥቅምት 23 የዘውድ በዓል፣ ሐምሌ 16 የልደት በዓል። ፓርላማው በየዓመቱ የሚከፈተውና የዘውድ ንግግር የሚሰማው በዘውዱ በዓል ቀን ስለነበር የመንግሥት ዓመትና የንጉሡ ዓመት የተሳሰሩ ነበሩ። እነዚህ ሁለት ቀናት ከመንግሥት መዝገብ ከወጡ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢያልፍም፣ በሻሸመኔ የሚኖሩት ራስ ተፈሪያውያን ዛሬም ያከብሯቸዋል።

የሠራተኛው አስተዳደርም በዚያው ዘመን ሕግ ተበጀለት። በ1954 ዓ.ም. በትእዛዝ ቁጥር 23 የመንግሥት ሠራተኞችን ጉዳይ በማዕከል የሚመራ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞች ደንብ ቁጥር 1 ወጣ። ቅጥር፣ ዕድገት፣ ፈቃድና ዲሲፕሊን ከዚያ ወዲህ በአለቃ በጎ ፈቃድ ሳይሆን በተጻፈ ደንብ እንዲመሩ ሆነ። ሠራተኛው የዕረፍት ቀኑን እንደ ችሮታ ሳይሆን እንደ መብት መቁጠር የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው።

ሥርዓቱ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። በዝርዝሩ ውስጥ አንድም የእስልምና በዓል አልነበረም። በሚኒስቴር፣ በትምህርት ቤት ወይም በሆስፒታል የሚያገለግል ሙስሊም በዒድ ቀን ቤተሰቡ በዓል ሲያከብር እርሱ ሥራ መግባት ነበረበት፤ መቅረት ቢፈልግ አለቃውን አስፈቅዶ ነው። በገና ቀን መሥሪያ ቤቱ ለሁሉም ሲዘጋ፣ በአረፋ ቀን ለማንም አይዘጋም ነበር። የአገሪቱ ሕዝብ ሰፊ ክፍል በመንግሥቱ የቀን መቁጠሪያ ላይ አልተቆጠረም።

1966 እና 1967 ዓ.ም.

ይህ ጉድለት በአደባባይ የተነሣው በአብዮቱ ዋዜማ ነው። በ1966 ዓ.ም. መምህራን፣ የታክሲ ነጂዎች፣ ወታደሮችና ሠራተኞች በየፊናቸው ጥያቄ ባቀረቡበት ወቅት፣ ሚያዝያ 12 ቀን ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ታላቅ ሰልፍ አደረጉ። ክርስቲያኖችም በሰልፉ ተሳትፈዋል። ለመንግሥት የቀረቡት ጥያቄዎች 13 ሲሆኑ፣ የእስልምና በዓላት እንደ ሕዝብ በዓል ይታወጁ የሚለው ከዋናዎቹ አንዱ ነበር። ጥያቄው የዕረፍት ቀን ለማብዛት የቀረበ አልነበረም፤ በአገር ላይ እኩል ባለቤት ሆኖ የመታየት ጥያቄ ነበር።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ሥልጣኑን የያዘው ወታደራዊው መንግሥት፣ ደርግ፣ በዚያው ዓመት የሕዝብ በዓላትንና የዕረፍት ቀንን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 16/1967 አወጣ። ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሃና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። የዘውዱና የልደቱ በዓላት ተሰረዙ። ንጉሠ ነገሥቱ የወረዱበት መስከረም 2 የአብዮት በዓል ሆነ፤ ሚያዝያ 23 የዓለም ሠራተኞች ቀን ተብሎ ገባ። በደርግ ዘመን የድል በዓሉም ከሚያዝያ 27 ወደ መጋቢት 28 ተዛወረ፤ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ የወጣችበት ቀን ነው። በዚህም ድሉ ከንጉሠ ነገሥቱ መመለስ ተነጥሎ እንዲታሰብ ተደረገ።

ከ1967ቱ ለውጦች ሁሉ ሥር የሰደደው የሦስቱ የእስልምና በዓላት መታወጅ ነው። አዋጁን ያወጣው መንግሥት አልፎ፣ ከርሱም በኋላ ሌሎች መጥተው፣ ይህን ውሳኔ የነካው የለም። ከዚያ ወዲህ ክርስቲያኑ ጸሐፊ በአረፋ፣ ሙስሊሙ ጸሐፊ በጥምቀት ያርፋል፤ አንዱ በሌላው በዓል ቀን ጎረቤቱን እንኳን አደረሰህ ለማለት ጊዜ ያገኛል።

የአብዮቱ በዓል ግን ለመንግሥት ሠራተኛው ዕረፍት አልነበረም። መስከረም 2 በየመሥሪያ ቤቱ ተሰልፎ፣ መፈክር ይዞ አብዮት አደባባይ የሚወጣበት ቀን ነበር። በ1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ሲመሠረትና የትግላችን ሐውልት ሲመረቅ በታላቅ ድግስ ተከበረ፤ በሰሜን በኩል በዚያው ጊዜ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር። ሕዝቡ በልቡ ያልተቀበለው በዓል በአዋጅ ብቻ እንደማይጸና መስከረም 2 ምስክር ነው፤ መንግሥቱ በወደቀ ማግሥት የሚያስታውሰው ጠፋ።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ደርግን ይወጋ የነበረው የኢሕአዴግ ሠራዊት አዲስ አበባ ገባ። በ1988 ዓ.ም. የ1967ቱ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 28 ተሻሻለ፤ መስከረም 2 ወጥቶ ግንቦት 20 ገባ። የድል በዓሉም ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። በዚህ ሁኔታ ዝርዝሩ 13 በዓላት ያሉት ሆነ፦ መስከረም 1 (ዘመን መለወጫ)፣ መስከረም 17 (መስቀል)፣ ታኅሣሥ 29 (ገና)፣ ጥር 11 (ጥምቀት)፣ የካቲት 23 (አድዋ)፣ ስቅለት፣ ፋሲካ፣ ሚያዝያ 23፣ ሚያዝያ 27፣ ግንቦት 20፣ ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሃና መውሊድ።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ለጉዳዩ አዲስ መሠረት ሰጠው። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። አንቀጽ 42 ደግሞ ሠራተኞች የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍት፣ በየጊዜው ከክፍያ ጋር የሚሰጥ ፈቃድ፣ ለሕዝብ በዓላትም ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይገልጻል። በዓል የማክበር ነገር በ1948 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ሃይማኖት የመነጨ ግዴታ ነበር፤ በ1987 ዓ.ም. ግን የሠራተኛ ሰብአዊ መብት ሆኖ በሕገ መንግሥት ሰፈረ።

በ2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የበዓላት አዋጅ አጸደቀ። ግንቦት 20 በዚህ አዋጅ ውስጥ የለም። ስለዚህ ጥቅምት 23፣ መስከረም 2 እና ግንቦት 20 ዕጣቸው አንድ ሆነ፤ ሦስቱም ሥልጣን የተያዘባቸው ቀናት ነበሩ፣ ሦስቱም ከባለ ሥልጣኑ ጋር አለፉ። አድዋ ግን በሦስቱም ሥርዓቶች ውስጥ ጸንቶ ቆይቷል።

ሕጉ በሥራ ላይ

የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችን የሚመለከቱት አዋጆች በ1994፣ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. ወጥተዋል። በእነዚህ አዋጆች መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ተወስኗል። ይህ ቁጥር የመጣው ከሳምንቱ አከፋፈል ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሥራው ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት በኋላም ከ7፡30 እስከ 11፡30 ሲሆን በቀን 8 ሰዓት ይሆናል። ዓርብ ግን ጠዋት የሚያበቃው በ5፡30 ስለሆነ 7 ሰዓት ብቻ ነው። ሙስሊሙ ሠራተኛ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ ደርሶ እንዲመለስ ጊዜ የሚሰጠው ይህ ሰዓት ነው፤ ጥቅሙ ግን እምነት ሳይለይ ለሠራተኛው ሁሉ ይደርሳል። በሞቃታማ አካባቢዎች የሚገኙ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ጠዋት ቀደም ብለው ይገባሉ።

በሕዝብ በዓል ቀን ሳይሠራ በመዋሉ ከሠራተኛው ደመወዝ አይቀነስም። አስቸኳይ ጉዳይ ገጥሞ በአለቃው ትእዛዝ የሠራ እንደሆነ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ወይም ምትክ ዕረፍት ያገኛል። ሆስፒታል፣ እሳት አደጋ፣ መብራትና ውኃ፣ አየር ማረፊያና ፖሊስ በበዓል አይዘጉም፤ ተረኛ ይመደባል። በጥምቀት ቀን ታቦት ሲሸኝ፣ በዒድ ጠዋት ሕዝቡ ለሶላት ሲወጣ፣ ሥራ ላይ የሚውሉ ብዙ ሺህ ሠራተኞች አሉ፤ የሌላው ዕረፍት የሚቆመው በእነርሱ ትከሻ ላይ ነው።

በግል ድርጅት የተቀጠረው የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሕዝብ በዓል ለሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ሰዓት እጥፍ ክፍያ ያዛል፤ በበዓል ቀን የሚሠራ ትርፍ ሰዓት ደግሞ በሁለት ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። የበዓላቱ ቀናት ግን ለሁለቱም ወገን አንድ ናቸው።

የዓመት ፈቃድ የሚቆጠረው በሥራ ቀናት ነው። አንድ ዓመት ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ 20 የሥራ ቀን ያገኛል፤ በየዓመቱ አንድ ቀን እየተጨመረ እስከ 30 ይደርሳል። በፈቃዱ መካከል የሚውል በዓል ከፈቃዱ ላይ አይቆጠርም። ፍርድ ቤቶች በተለየ መንገድ ይሄዳሉ፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ለዕረፍት ሲዘጉ አስቸኳይ ጉዳይ በተረኛ ችሎት ይታያል። በዓል የዜጋውን መብት እንዳያጠፋም ሕግ ጥንቃቄ አድርጓል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ የአንድ ግዴታ መፈጸሚያ የመጨረሻ ቀን በበዓል ላይ ከዋለ ጊዜው ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይተላለፋል።

በዓል በዕረፍት ቀን ላይ ሲውል ግን ምትክ አይሰጥም። በ2016 ዓ.ም. ገና እሑድ ዋለ። በዚያው ዓመት ፋሲካና የሚያዝያ 27 የድል በዓል በአንድ እሑድ ተገናኙ፤ ሁለት በዓላት በአንድ ዕለት፣ ያውም በሰንበት፣ አለፉ። ፋሲካ ዘወትር እሑድ ስለሚውል በዚያ ሰሞን መሥሪያ ቤት የሚዘጋው ለስቅለት ዓርብ ነው።

የሚንቀሳቀሱ በዓላት

የመንግሥት መሥሪያ ቤት በኢትዮጵያ ሁለት የቀን ቀመሮችን አጣምሮ ይሠራል። ፋሲካና ስቅለት የሚወጡት በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር፣ በባሕረ ሐሳብ፣ ነው፤ ፋሲካ ከመጋቢት 26 በፊት፣ ከሚያዝያ 30ም በኋላ አይውልም። ገና ታኅሣሥ 29 የሚከበር ሲሆን፣ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ይውላል። የእስልምና በዓላት በጨረቃ ይቆጠራሉ። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ በዓላቱ በየዓመቱ እየቀደሙ በ33 ዓመት አካባቢ ወቅቶቹን ሁሉ ያዳርሳሉ። ዒድ አልፈጥር በጨረቃ መታየት ስለሚወሰን ቁርጡ ቀን የሚታወቀው በዋዜማው ነው። መሥሪያ ቤቶች ነገ ይከፈቱ ወይስ ይዘጉ እንደሆነ ሠራተኛው በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚጠብቅበት ምሽት ይህ ነው።

በሕዝቡ ዘንድ ታላላቅ ሆነው መሥሪያ ቤት የማያዘጉ ቀናትም አሉ። ደመራ፣ ከተራ፣ የጥር 12 ቃና ዘገሊላ፣ የፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ ቡሄና ፍልሰታ የሥራ ቀናት ናቸው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሥራ ያስፈታ የነበረው የካቲት 12 በስድስት ኪሎ ሐውልት አበባ እየተቀመጠ፣ የሰንደቅ ዓላማ ቀንም በጥቅምት የመጀመሪያ ሰኞ በየመሥሪያ ቤቱ ሰንደቅ እየተሰቀለ ታስበው ይውላሉ። ከመስቀል ቀጥሎ በቢሾፍቱ ሆራ የሚከበረው ኢሬቻ፣ የሲዳማው ፍቼ ጨምበላላ፣ የወላይታው ጊፋታ፣ የሰሜኑ አሸንዳ ደግሞ በየአካባቢያቸው ታላቅ ናቸው። ፍቼ ጨምበላላ በ2008፣ የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ሰፍረዋል።

ሰባ ዓመት የተጓዘው ይህ ሕግ ሁለት ነገር አስተምሯል። ለገዥ ክብር የታወጀ ቀን ከገዥው ዕድሜ አይዘልም፤ በሕዝብ እምነትና በጋራ መሥዋዕትነት ላይ የቆመ ቀን ግን መንግሥት ቢለወጥም ይጸናል። ወደፊት የበዓላትን ዝርዝር የሚነኩ ሕግ አውጪዎች በ1967 ዓ.ም. የተፈጸመውን ፍትሕ መለኪያ ሊያደርጉት ይገባል፤ ከሕግ አውጪ የሚጠበቀው አንዱን ዜጋ ሲያሳርፍ ሌላውን አለመርሳት ነው።